የተገዘተው ቁልፍ

እሑድ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.

ደበሎ ለብሼ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ፣ ቁራሽ ለምኜ ተማርሁ፤ አላማረርሁም። መምህሬ በአለንጋ የሰነበሩት ጀርባዬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ አልወቀስኋቸውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ልጆች ቀብሬ በማግሥቱ ለማስተማር ቆሜአለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ምን ያህል እንደሰፋብኝ ለማንም አልተናገርሁም። ዛሬ ግን ስለ አንዲት የመኪና ቁልፍ በሕዝብ ፊት አማረርሁ።

ልጄ ይትባረክ ትናንት ገበያ ውሎ ሲመለስ ቁልፉን መጣሉን ነገረኝ። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። የሚነዳት እርሱ ነው፤ በሬዎቼንና በቅሎዬን ሸጬ የገዛኋት ግን እኔ ነኝ፤ ለእርሱና ለእኅቱ ለውባለም መተዳደሪያ ትሁን ብዬ። የፍላቂትን ገብስ ታመላልሳለች፤ የብልባላን በሽተኛ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች።

አንድ ሌላ ቁልፍ አለን። በሩን ይከፍታል፤ ማስነሻው ውስጥም ገብቶ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። በጠፋው ቁልፍ ራስ ውስጥ ቺፕ የሚሉት፣ መኪናዋ ለይታ የምታውቀው ቅንጣት ነገር ተቀብሮበታል። በዚህኛው የለም።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መምሬ ክንፈን፣ «ያውግዙልኝ» አልኋቸው። የቁስቋም በዓል ነውና ሕዝቡ ብዙ ነበር። መስቀላቸውን አንሥተው፣ «አግኝቶ የመለሰ ይባረክ! የሸሸገ፣ ያለበትን እያወቀም ዝም ያለ፣ ግዙት ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ይትባረክ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ የእርሱ አሜን ከሁሉ ጎልቶ ተሰማ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፰

የመለሰ የለም።

ይትባረክ ከምሳ በኋላ ቀረብ ብሎ ተቀመጠ። «አባባ፣ ያለ ቁልፉ እኮ ብረት ናት። እንደቆመች የሚወስዳት አንድ የወልድያ ነጋዴ አለ።» በክረምቱም እንሽጣት ብሎኝ እምቢ ብዬው ነበር።

«ሌላ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ጠፋ?»

«ከውጭ አገር ካልመጣ አይሆንም። ዓመት ይፈጃል።»

ውባለም ከማጀት ሰማችው። «ደሴ የሚሠራ አለ ይባላል እኮ» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ሽሮሽን አማስዪ።»

«ሽሮውንስ የሚጨርሰው ማን ሆነና!»

ሣቅሁ። ይትባረክ ግን አልሣቀም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፩

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ከብልባላ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በበራችን አለፉ። ተሸካሚዎቹ በአጥሩ ላይ መኪናዋን አዩአት፤ እኔንም አዩኝ። «እንደምን አደሩ የኔታ» ብቻ ብለው አለፉ። ብትሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋ በሰላም መገላገሏን ዛሬ ሰማሁ፤ ተመስገን።

ይህን ካየሁ በኋላ መሸጥ አይታሰብም። ውባለም ትናንት ማታ ከብልባላ አጨዳ ስትመለስ፣ «የደሴውን ሰው ፈልጊልኝ» አልኋት። ዛሬ በስልክ አገኘችው። ነገ ልምጣ ቢል ሚካኤል ነው ብዬ ከለከልሁት። ሰኞ ይመጣል።

የሚያሳስቡኝ፦ የባትሪው መድከም። የሰውዬው ችሎታ። የይትባረክ ነገር፤ ሰሞኑን እህል አይበላም። ስለ መኪናዋ የሚጨነቅ መስሎኝ አጽናናሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

የደሴው ሰው ሰኢድ ይባላል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ ሕፃን በጉያው ታቅፎ መጣ። ወሬኛ ነው።

«አባቴ፣ ይህች መኪና እንደ ድሮ የባላባት ዘበኛ ናት። የማታውቀውን አታስገባም» አለኝ።

«እንግዲያ አስተዋውቃታ!»

ቅርጹን ቤት ከቀረው የመኪናዋ ቁልፍ ገልብጦ፣ ቺፕ ያላቸው ሁለት ቁልፎች ቀረጸ። ከኮምፒዩተሩ የወጣውን ገመድ ከመሪው ሥር ሰካ። ሥራው ሲጋመስ ባትሪው ደከመ። «ወላሂ አሁን ከጠፋ ጉድ ሆንን!» ብሎ ጮኸ። ውባለም ሮጣ ከጎረቤት የጭነት መኪና ባትሪ አስመጣች።

ከዚያ ጠየቀኝ። «ሌላ ቁልፍ ካለ አሁኑኑ ያምጡት። የድሮውን መዝገቧን በሙሉ ልሰርዝ ነው። እዚህ ያልቀረበ ቁልፍ ከዛሬ ወዲያ አያስነሣትም።»

«የጠፋው ይሰረዝ። ሌባ እጅ ገብቶ ቢሆንስ?» አልሁት።

ሞተሩ ተነሣ። ውባለም እልል አለች፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብሁ። ሁለቱን ቁልፎች በክር አንገቴ ላይ አሰርሁ። ይትባረክ ጉዳይ አለኝ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ፍላቂት ነው። ሲመለስ ድንገት አይቶ ይደሰት ብዬ በስልክ አልነገርሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፭

ጾመ ነቢያት ገባ። ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሸጋገር እንደ ወትሮዬ በማለዳ አልወጣሁም፤ እልፍኝ ተቀምጬ ዳዊት እደግም ነበር። ውባለም ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

የውጭው በር ተከፈተ። ቀጥሎ የመኪናዋን ሞተር ሰማሁ፤ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፤ እንደገና ይንተፋተፋል።

«ምን ሆና ነው?» አለ የማላውቀው ድምፅ።

«በርዷት ነው፤ አሁን ትነሣለች።» ይህኛውን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ወጣሁ። ይትባረክ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ማስነሻውን ያዞራል። የያዘው ጠፋ ያለኝን ቁልፍ ነው። ከጎኑ ጃኬት የለበሰ ነጋዴ ቆሟል። ልጄ ሲያየኝ ከሁሉ አስቀድሞ የተናገረው፣ «አባባ! ቅዳሴ አልሄዱም?» የሚል ነበር።

«ጾም ገብቷል። ቅዳሴው ቀትር ነው» አልሁት።

ከመኪናዋ ወረደ። «ቁልፉን... አሁን እኮ ነው ከኮቴ ገበር ውስጥ ያገኘሁት።»

ነጋዴው ዞሮ አየው። «እንዴ! ሐሙስ ጧት እዚሁ አስነሥተህ አላሳየኸኝም? የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አባቴ ፈቅዷል ቢለኝ ነው እንጂ እኔ የሰው ደጅ አልደፍርም።» ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ሐሙስ። ቃሬዛው በበራችን ያለፈበት ቀን። ቁልፉ በኪሱ ነበር።

«ለእርስዎ ብዬ ነው አባባ» አለኝ። «በዚህ ገደል እስከ መቼ ልኑር? መኪናዋ ካልቆመች እንደማይሸጧት አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ ስለ ምን ለእኔ አልነገርኸኝም?»

እጄን ዘረጋሁ፤ ቁልፉን ሰጠኝ። «ይህ ትናንት ተሰርዟል» አልሁትና ወደ እልፍኝ ተመለስሁ። ዳዊቱን ካቆምሁበት ልቀጥል ብሞክር ፊደሉ ተደባለቀብኝ።

የማያውቀኝ ሰው ሰርቆኝ ቢሆን በቀላሉ በረሳሁት። በመስቀል ፊት ቆሞ፣ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ፣ በራሱ ላይ አሜን ያለው ግን ጣቶቹን ይዤ ሀ ሁ ያስቈጠርሁት ልጅ ነው። ጾም መግባቱን እንኳ ረስቷል። የትኛው እንዳቈሰለኝ ለይቼ መጻፍ አልቻልሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፮

ይትባረክ ትናንት ወደ ማታ ወደ ወልድያ ሄደ። እኅቱን ተሰናብቷል፤ እኔን አልተሰናበተኝም።

መምሬ ክንፈ ዘንድ ሄጄ፣ «ቁልፉ ተገኝቷል፤ ግዝቱን ይፍቱልኝ» አልሁ። የማን እጅ ላይ እንደተገኘም ነገርኋቸው።

«የኔታ፣ ያስገዘቱት እርስዎ ነዎት፤ የታሰረው ግን እሱ ነው። ራሱ ይምጣ። በአባት እግር አይፈታም።»

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ለተማሪም አስተምሬዋለሁ። ቢሆንም ቆሜ ለመንኋቸው፤ እሳቸውም ቆመው እምቢ አሉኝ። ልክ ናቸው። ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ስመለስ ውባለም መኪናዋን ስታጥብ አገኘኋት። «አባባ፣ መንዳት እማራለሁ» አለችኝ።

«ሴት ልጅ፣ በዚህ ገደል?»

«ገደሉ እንደሆነ ወንድ ሴት አይልም።»

ይህንን የሚመልስ ቃል በአንድም መጽሐፍ አላገኘሁም። አንዱን ቁልፍ ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋት።

እንግዲህ ከሞቴ በኋላ ክርክር እንዳይነሣ ፈቃዴን በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ቤቱ የሁለቱም ልጆቼ ነው፤ እኩል ይካፈሉ። መጻሕፍቴ መምሬ ክንፈ ለሚመርጡት ድኻ ተማሪ ይሰጡ። የብልባላው የገብስ ማሳ ለይትባረክ ነው፤ ልጄ ነውና ከውርስ አልነቅለውም፤ ምርቃቴን ግን ከግዝቱ ተፈትቶ ሲመጣ ይቀበለኝ። መኪናዋን ከነቁልፎቿ የማወርሰው ለልጄ ለውባለም ነው፤ ለእርሷ ብቻ።