ለመታጠቢያ ቤቱ የመረጥኩት ሴራሚክ

ቅዳሜ፣ የካቲት 2 ቀን 1977፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ከወንድሜ ከተስፋዬ ጋር ከዚራ ሰፈር ሄደን ለጠባቧ መታጠቢያ ቤታችን ወለል ሴራሚክ መረጥን። ከጦር ግንባር አንድ እግሩን አጥቶ ከተመለሰ ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እኔ የፈለግኩት ነጩን፣ የሚያብረቀርቀውን ነበር። ባለሱቁ ሐጂ ዩሱፍ ሁለቱን ዓይነት መሬት ላይ አስቀመጡና ውሃ አፈሰሱባቸው። ተስፋዬ ክራንቹን ነጩ ላይ ሲያሳርፍ ተንሸራተተ፤ ክንዱን ይዤ አቆምኩት።

«ነጩን ውሰጂ። እኔ እንደሆንኩ እስከ ሐምሌ ነው አንቺ ጋ የምቆየው» አለ።

«ሐጂ፣ ሻካራውን ግራጫ ይስጡኝ» አልኩ።

መልኩ አያምርም፤ አመድ ይመስላል። ቤት ስንደርስ ተስፋዬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣ «እኔ የምደገፍበትን መያዣ ብረት በየት በኩል እናስገጥመው?» አለኝ።