የቢራ ዳኛዋ የእማማ ጭራሽ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም በቅጽል ስማቸው የምናውቃቸው እማማ ጭራሽ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ ግድግዳው ከዳቦ ቤት ምድጃ ጋር የተያያዘ ስለነበር ጠዋት ጠዋት እርሾ እርሾ ይሸት ነበር። እናታቸው ይሉ እንደነበረው፣ ገና በአራት ዓመታቸው ከአልጋ ሳይወርዱ "ዛሬ ዳቦው አሯል" እያሉ ለቤተሰቡ ያስታውቁ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም።

በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። በጸባይ በኩል ግን ካርዳቸው ላይ አራት ዓመት በተከታታይ "ክርክር ታበዛለች" ተብሎ ተጽፏል። አንድም ቀን አላፈሩበትም።

በ1962 ዓ.ም. ቢራ ፋብሪካ ውስጥ በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጠሩ። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አንዳንድ ዘመዶች "ቢራ የሚለው ቀርቶ በምግብ ኢንዱስትሪ ይባል፤ ቀብር ላይ እኮ ነው የሚነበበው" ብለው ነበር። ባለቤታቸው ግን "ሠላሳ ስድስት ዓመት ብስኩት ስትቀምስ ነው እንዴ የኖረችው?" ስላሉ ቢራ ተብሎ ተጽፏል። ያልተመቸው ጆሮውን ይያዝ።

ከደንበኛ የሚመለሱ ጠርሙሶች ታጥበው ሲወጡ አፋቸውን እያሸተቱ ማሳለፍ የእማማ የራሳቸው አመል ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቀን የፈረቃው ኃላፊ "አንቺ፣ ሥራው ቆሟል እኮ! ምን ታሸቻለሽ?" ብለው ጮኹባቸው።

"ይሄኛው ላምባ ተይዞበታል።"

"ታጥቧል!"

"ጭራሽ! ካላመኑ እርስዎ ይጠጡበት።"

ኃላፊው አሸተቱ፤ ምንም የለም። ኬሚስቷ ተጠርታ ጠርሙሱን በሙቅ ውኃ ሞልታ ስታሸተው ላምባው ወጣ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ቀን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ቅምሻ ክፍል ተዛወሩ። ክፍሉ ነጭ ነበር፤ ትንንሽ ብርጭቆ፣ ውኃና ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው ያለው። ሽቶ የተቀባ ሰው በዚያ በር አያልፍም።

በ1967 ዓ.ም. የፋብሪካውን የፎርክሊፍት ሾፌር አገቡ። ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያነጋግሯቸው የመጡት ሽቶ በሽቶ ሆነው ነበር። "ታጥበህ ና" ብለው መለሷቸው። ታጥበው መጡ። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአነስተኛ ጠማቂዎች ውድድር ተጀመረና ለዳኝነት ተጠሩ። የቤልጂየም ዓይነት ጠንካራ ቢራ ያን ዕለት ነው ፊታቸው የቀረበው፤ መልኩ የጠቆረ፣ አልኮሉ ዘጠኝ ከመቶ፣ ሽታው ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል። ፋብሪካው ውስጥ ቅርንፉድ የሸተተ ቢራ ሙሉ ጋን ቢሆንም ይደፋል፤ እሳቸውም ስንቱን አስደፍተዋል። ሌሎቹ ዳኞች ወዲያው "ተበላሽቷል" ብለው ጻፉ። እሳቸውም እስክሪብቶ አንሥተው ነበር። ግን ብርጭቆው በጣም ቀዝቅዞ ስለመጣ በሁለት እጃቸው አቅፈው አሞቁት። ሲሞቅ ከቅርንፉዱ ኋላ ዘቢብ መጣ፣ ከዘቢቡ ኋላ ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻ ላይ የተቃጠለ ስኳር። እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ይሄ ብልሽት አይደለም፤ እርሾው ራሱ የሚሰጠው ጠረን ነው" አሉ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሰድበው ኖሬ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው ነው።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ቢራው ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የጠንካራ ቢራው ጠረጴዛ የእሳቸው ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ክፉ ትኩሳት ያዛቸው። ሲሻላቸው ማሽተት አቃታቸው። ሳሙናም ሽንኩርትም አንድ ሆነባቸው። ትልቋ ልጃቸው "እማዬ፣ በቃ ከእንግዲህ ዕረፊ" አለቻቸው። የዳኞቹ ሰብሳቢም ቤታቸው ድረስ መጥተው "እማማ፣ በክብር ልንሸኝዎት አስበናል" አሉ።

"ሸኚ አልጠራሁም" አሉ እማማ። "ፈትኑኝ።"

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ ነው፣ አንዱ ሌላ። የተለየውን መለየት ነው። ስድስት ጊዜ ቀረበላቸው፤ አንዱን ብቻ አገኙ። ሰብሳቢው አዝነው "እንዳልተፈተኑ እንቁጠረው" ቢሏቸው ወረቀቱን ስበው በገዛ እጃቸው "አልበቃችም" ብለው ጽፈው ፈረሙበት። ቀጥለውም "ይሄ የዛሬ ነው፤ ተመልሼ እመጣለሁ" ብለው ወጡ።

ቤት ገብተው ትንንሽ ብልቃጥ ደረደሩ፦ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ኮምጣጤ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ፤ ባለቤታቸው ብልቃጡን እያቀያየሩ ያቀርቡላቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤታቸው "ልክ ነሽ!" ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ልክ ያልሆነ ነገር ጠፋ። እማማ ይህ አልጣማቸውም። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሳያዩ አንዱን ብልቃጥ አጥበው ባዶውን መለሱት። ልምምዱ ሲጀመር ምንም ሳይሸታቸው ለቀረበላቸው ብልቃጥ ሁሉ ስድስቴም ስምንቴም "ቅርንፉድ" አሉ። እሳቸው "ቅርንፉድ" ባሉ ቁጥር ባለቤታቸው "ልክ ነሽ!" አሉ።

እማማ ሻሹን አወለቁ። "አንዱ እኮ ባዶ ነው" አሉ።

"እንዳታዝኚ ብዬ ነው።"

"ልታሳዝነኝ ትችላለህ። ልትዋሸኝ አትችልም። ሦስት ሳምንቴን በላህብኝ!"

ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በሦስተኛው ቀን ብልቃጦቹ ተመልሰው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው በየቀኑ "ተሳስተሻል፣ ተሳስተሻል" ሲሉ ከረሙ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ እንዳልሠሩ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። በስምንተኛው ወር አንድ ጠዋት እማማ "ቁንዶ በርበሬ" አሉ። ባለቤታቸው ብልቃጡን ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ቁንዶ በርበሬ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተፈተኑ። ከስድስቱ አምስቱን ለዩ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ "ያረጀ አፍንጫ" ብለው ያሟቸው ሁሉ ጎን ለጎናቸው ተቀምጠው ዳኙ።

ዘንድሮ ልባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። ለውድድሩ ጠንካራ ቢራውን ሰባት ጊዜ የጠመቀ አንድ ጠማቂ ከሰባተኛው ጠመቃ አንድ ጠርሙስ ይዞ አልጋቸው ዘንድ መጣ። የእሳቸውን ፍርድ ሳይሰማ ሊልከው አልፈለገም። ሐኪሟ ከንፈር ከማርጠብ እንዳያልፉ አስጠንቅቃ ፈቀደች። እማማ ብርጭቆውን አቅፈው አሞቁት፣ አሸተቱ፣ ከንፈራቸውን አረጠቡ። ከዚያ "ሠላሳ አንድ ከሃምሳ" አሉ።

እስክሪብቶ መያዝ ስላቃታቸው የሚጽፉላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። "ኧረ በናትሽ፣ ሰውዬው ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ! ሁለት ጨምሪለት" ብለው በጆሯቸው ሹክ አሉ።

"ወረቀቱን አምጣ፣ ምን እንደጻፍክ ልየው።"

ሠላሳ አንድ ነበር የተጻፈው። ከሥሩ ይህን አስጻፉ፦ "አልኮሉ ቀድሞ ይቆነጥጣል፣ ሌላውን አያስወጣም። አትቸኩል፣ ሦስት ወር አስተኛው። ጥሩ እጅ አለህ።" ጠማቂው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ቢራውን ለዘንድሮ ውድድር አልላከም። ጠርሙሶቹ ተኝተዋል፤ እሱም ዛሬ ከመካከላችን አለ።

እማማ ጭራሽ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ነጥብ የነፈጓቸው ብዙ ጠማቂዎችን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ለባለቤታቸው ብርታቱን ይስጥ። ነጥብ ይጨመርላቸው ብለን ግን አንለምንም፤ እሳቸውም አይቀበሉም፣ ደግሞም አያስፈልጋቸውም።