መርከብ እስኪሳፈር ቡናው የማን ነው?

ሰኞ፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬም ከአሠሪዬ ከሐጂ ዑመር ጋር ስንጨቃጨቅ ዋልን። አናቴ ሊፈነዳ ነው! የዓመቱ ቡናችን በሙሉ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሜዳ ላይ ተከምሮ ፉርጎ ይጠብቃል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሸራ የለው፣ ጠባቂ የለው። ሐጂ ግን "የኔ አይደለም" ይላሉ። ለምን? ኤረር በር ካለው መጋዘናችን ሲወጣ ከገዢው ወኪል ከአሕመድ ጋር እጃቸውን ዘርግተው የስምምነቱን ጸሎት፣ ፋቲሃን ቀርተዋላ! በእሳቸው ቤት ሽያጩ ያኔ አለቀ፤ ቡናው የገዢው፣ የኤደኑ ነጋዴ ሆነ።

ውሉን የተየብኩት እኔ ነኝ። "ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ" ይላል። ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ቢበሰብስም ቢሰረቅም ኪሳራው የሻጭ ነው ማለት ነው። ስንቴ ልንገራቸው? ቡናው ከተበላሸ ቤቱ ይዘጋል። እኔም ደጅ ልጠና ነው።

ማክሰኞ

ድሬዳዋ አካፍቷል። ዳር ዳር ያሉት ጆንያዎች ርሰዋል አሉኝ የጣቢያው ሰዎች በስልክ። በራሴ ገንዘብ ሸራ ልግዛ ብል ሐጂ ጮኹብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ የሰው ንብረት ትነኪያለሽ? ሀራም ነው!"

ሌላ ሰው ቢሆን ተንኮል ነው እል ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። እሱ ነው የሚያበግነኝ! እመብርሃን፣ ትዕግሥቱን ስጪኝ።

ረቡዕ

አሕመድን ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት አገኘሁት። ሐጂን ሸራ አልብሱልኝ ብለህ ለምናቸው አልኩት። "ለምን ብዬ? ውሉ ለኛ ነው የሚያደላው" ብሎ ሳቀ።

"ታዲያ ለጌታህ ቡና ነው የምትልክለት ወይስ ክርክር?" ስለው ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ። ምን ማለት እንዳለበትም አስጠናሁት።

ቢሮ መጥቶ "ሐጂ፣ ቡናዬን አማና ሰጥቼዎታለሁ" አላቸው። አማና ማለት አደራ ነዋ፤ ስሙን ሲሰሙ ብድግ! ወዲያው ሸራ አስጭነው ድሬዳዋ ወረዱ።

"ቀድመሽ እንዲህ አትዪም ነበር?" አሉኝ ሲወጡ። እኔን! ጉድ እኮ ነው።

ዓርብ

ቡናው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል፤ ወደ ጅቡቲም ተጭኗል። ሐጂ የት ናቸው ብል፣ ፉርጎው ውስጥ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጠው!

እሑድ

ሐጂ ከጅቡቲ ደወሉ። መርከብ ላይ ተጭኗል። እፎይ! ቤቱ ተረፈ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

"በቃ ሐጂ፣ ከዚህ ወዲያ አያገባንም፤ ይመለሱ" አልኳቸው።

"አማና መርከብ ላይ ያልቃል ያለሽ ማነው? ባለቤቱ እጅ ሲገባ ነው። ኤደን አድርሼው እመጣለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

አሁን ይሄን ለሚስታቸው ማን ሄዶ ይንገር? እኔው ነኛ!