በደንገሉ መሃል የምታበራው ሴት

ውድ እማዬ፣

ባለሽበት ሰላም ሁኚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የማስቀድመው ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ማንበብ መቼ እችላለሁ እንዳትይኝ ደግሞ፤ እኔም አልችልም ነበር። የስኳርና የሳሙና መጠቅለያ ጋዜጣ እያፍታታሁ፣ ፊደሉን እንደ ምስር እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። አንቺ ባለሽበት ጊዜው ሰፊ ነው፣ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ።

ባሌ ዋለ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንደምታውቂው እኔም እሱም ወሬ አናበዛም ነበር፤ ግን የሁለት ሰው ዝምታና የአንድ ሰው ዝምታ አይገናኙም። ስለዚህ ቀኑ ሲረዝምብኝ ሱረያ ሱቅ እሄዳለሁ። ሱረያን መቼም አትረሻትም፣ ያቺ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው የጎረቤታችን ልጅ። ሪያድ ብዙ ሠርታ ተመልሳ አውራ ጎዳናው ዳር ሱቅ ከፍታለች። ዕቃ የምትጠቀልልበትን አሮጌ መጽሔት መጀመሪያ እኔ እንዳነበው ታስቀምጥልኛለች።

አንዱ መጽሔት ላይ የሩቅ አገር ሴት አየሁ። አባቷ ሞቶባት፣ ከሽቦና ከጨርቅ ምስሉን ሠርታ፣ ውስጡ መብራት አስገብታ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሰው እየገባ ዝም ብሎ ያየውና ይወጣል። ያቺን ገጽ ደጋግሜ አነበብኳት። አንቺን እንደሚገባ አላለቀስኩሽም፣ እማዬ። በለቅሶሽ ዕለት ሌላው ደረቱን ሲደቃ እኔ እንደ ግድግዳ ቆሜ ቀረሁ። ምናልባት እኔ የማለቅሰው በእጄ ይሆናል አልኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በሐይቁ ጭቃ ነው። ፊትሽ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና የተቆጣ ዱባ መሰለ። ሁለተኛውን ቁጭ ያልሽ አድርጌ ሠራሁት፤ ዶሮዬ ጭንሽ ላይ እንቁላል ጣለችበት። ሱረያ አይታ፣ እናትሽ በሕይወት ብትኖርም እኮ ዶሮዋን አታባርራትም ነበር ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ዓይኔ ጓሮ ከተከመረው አሮጌ መረብ ላይ አረፈ። አሳ አጥማጆቹ የቀደዱትን ሁሉ እንድትጠግኚላቸው አንቺ ዘንድ ያመጡ ነበር፤ ያ ክምር ግማሹ የአንቺ ቋጠሮ ነው። በአጥር ሽቦ አጥንት ሠራሁልሽና መረቡን አለበስኩሽ። ፊት ግን አልሠራሁልሽም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሱረያ ከሪያድ ያመጣቻቸውን ትንንሽ መብራቶች ሰጠችኝ፤ ቀን ከፀሐይ ይሞላሉ፣ ሲመሽ ራሳቸው ይበራሉ። በአንድ ሽቦ የተያያዙ ናቸውና ደረትሽና መዳፎችሽ ውስጥ አስገብቼ ማጥፊያቸውን ከጀርባሽ አሰርኩት። ፍየሎች እንዳይቀጣጥፉሽ ከጓሮዬ ጫፍ፣ በደንገሉ መሃል፣ ውሃው ውስጥ ቆጥ ተክዬ እዚያ አስቀመጥኩሽ።

ሲመሽ በራሽ። ብርሃንሽ ውሃው ላይ ወድቆ ሁለት ሆንሽ። ሳይሽ አመሸሁ፣ ደስም አለኝ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

አሳ አጥማጁ አያ አራጋው ሲመሻሽ በታንኳ ሲመለስ አየሽ። በማግስቱ ገበያ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ በደንገሉ መሃል ብርሃን የለበሰች ሴት ተቀምጣለች ይባላል። ክርስቲያኑ ቅድስት ናት አለ፣ እስላሙ ወልይ ናት አለ፣ በዚህም ብዙ ሳይከራከሩ ተያይዘው መጡ። ቤቴ ስመለስ የሽንኩርት መደቤ ላይ ሰው ቆሟል። አንድ የማላውቀው ሰው በገዛ ጓሮዬ፣ እህቴ ቦታው የተከበረ ነውና ጫማሽን አውልቂ አለኝ። አወለቅኩ። ምን ልበል?

ቀን ቀን ደንገሉ ይሸፍንሻል፣ ደፍሮ የሚጠጋሽም የለም። ሲመሽ ግን ሰዉ ከዳር ቆሞ ያይሻል። የባጃጅ ልጆች መንገድ ላይ "ብርሃኗ፣ ብርሃኗ፣ አንድ ሰው የቀረው" እያሉ ይጠሩብሽ ጀመር። ሱረያ መጥታ ነገሩን ስታይ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲበርድላት ግን ቆጣ አለች።

"ንገሪያቸው እንጂ እናትነሽ። መብራቱ የኔ ሱቅ ዕቃ ነው። ነገ ደግሞ እኔን ሊሳለሙኝ ነው፣ ያ ረቢ።"

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ነገም ሲመጣ ነገ አልኳት። እውነቱን ልጻፍልሽ፣ ወድጄው ነበር። ከሽንኩርቱ አጠገብ ተቀምጬ ሰው የሚነግርሽን እሰማለሁ። አንዱ ከወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ወዲህ እህል አልበላ እንዳለው ነገረሽ። አንዷ እናት ዐረብ አገር ያለች ልጇ ስልክ እንድታነሳላት ለመነችሽ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ፈተና እንድታሳልፊው ተማጸነሽ፤ አንቺን፣ ባጃጅ ላይ ስትሳፈሪ ዓይንሽን የምትጨፍኚውን። በሕይወትሽ እንዲህ ተከብረሽ አታውቂም። ይህን አፍርሼ መረብ ናት ማለት ከበደኝ።

ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሕይወት የምትባል ልጅ እግር ሴት ከአምባሰል ገጠር ወርዳ መጣች። ሕፃን ልጇን አዝላለች። ከፊት ተቀመጠችና አጠገቧ ላሉት ሴቶች ነገሯን ነገረቻቸው። ልጅቷ ስትስልና ስታተኩስ ሰንብታለች፤ ጤና ጣቢያ ውሰጃት ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ወሬሽን ሰምታ ጤና ጣቢያውን አልፋ መጣች። ልጄ እስክትድን እዚሁ አድራለሁ፣ መድኃኒትም አላስነካትም፣ ተስያለሁ አለች።

ልጅቷን አየኋት። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ስርጉድ ስርጉድ ይላል። እንዲህ የሚተነፍስ ሕፃን በፍጥነት ይምጣ የሚል ወረቀት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ስለ እግርሽ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ስኳርሽ እያለ ያቺ ትንሽ ቁስል የወጣችብሽ ጊዜ፣ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ጊዜ አይሰጠውም የሚለውንም እዚያው ግድግዳ ላይ አንብቤው ነበር። አጎቴ ጠበል ትግባ፣ ሌላ አያስፈልጋትም ብሎ ቆረጠ። ጠበሉን አልጠላሁም፣ ሁለቱም በተደረገ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በሳሙና ወረቀት ፊደል የቆጠረች ሴት ማን ይሰማታል ብዬ ዋጥኩት። ዝም ብዬ ጋቢሽን አጠፍኩ፣ ስንቅሽን ቋጠርኩ። ስትመለሺ ረፍዶ ነበር። ለቅሶሽ ላይ ድምፄ የጠፋው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ያልተናገረ አፍ አሁን ምን ብሎ ይከፈታል አልኩ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ተነሳሁ። ይቺ እናቴ ናት አልኩ። የሰማኝ የለም፤ ድምፄን ታውቂዋለሽ። ደግሜ፣ እናቴ ናት፣ ከአሮጌ መረብ የሠራኋት እኔ ነኝ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ብቸኝነት አዙሯት ነው፣ አስቀምጧት አለ። ሌላው ቦታውን አታርክሺ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። በአፍ እንደማይሆን ገባኝ። ክንዴን አስለቀቅኩና ቀሚሴን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ከኋላዬ ሰዉ ሁሉ ጮኸ። ጭቃው እግሬን እየያዘ፣ ደንገሉ ፊቴን እየቧጨረኝ፣ ውሃው ወገቤ ሲደርስ አንቺ ጋ ደረስኩ። እጄን ከጀርባሽ ሰድጄ ማጥፊያውን ፈለግኩ።

አጠፋሁሽ።

ያ ጠቅ ያለ ድምፅ ከቀብርሽ ቀን ይልቅ ከበደኝ። መልሼ አበራሁሽ። እንደገና አጠፋሁሽ፣ እንደገና አበራሁሽ። ከዚያ ከኋላ የሱረያ ድምፅ መጣ፣ "የሪያድ መብራት ነው፣ ጎበዝ፣ ሱቄ ውስጥ ሌላም አለ።" አንድ ሰው ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። አንዳንዱ ግን አፍሮ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

እኔ ከውሃው እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሕይወት ሄድኩ።

"ልጄ ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳት።

"ተስያለሁ እኮ፣ እትዬ" አለች፤ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

"የተሳልሽው ለእናቴ ነው። እናቴ ደግሞ አሁኑኑ ውሰጃት ትልሻለች። ልጇ ነኝ፣ አውቃታለሁ።"

አየችኝ። ከቀሚሴ ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ አንቺን አየች፣ መልሳም እኔን። ተነሳች።

ሐኪም ቤት እንሂድ የሚለው ቃል የአንቺ ነበር፣ እማዬ። ለአንቺ ብዬ ያስቀመጥኩትን ለሌላ ሰጠሁብሽ። የምትቀየሚኝ አይመስለኝም።

ሱረያ ሰው ሊያወርድ የመጣውን ባጃጅ ያዘችልንና ሦስታችንም ተጨናንቀን ሄድን። የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ ወጓት፣ አፍንጫዋ ላይ አየር ገጠሙላት፤ ነርሷ ቢያድር ኖሮ ያስቸግር ነበር አለችን። በነጋታው ልጅቷ ዳቦ ከእጄ ነጥቃ ስትበላ እናቷ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ሳቅኩ።

ቤቴ ስመለስ ልቤ ፈርቶ ነበር። የተታለለ ሰው ይቆጣል፤ ገነጣጥለው ውሃ ውስጥ ጥለውሽ ይሆናል አልኩ። ዳሩ ላይ ጥቂት አዛውንቶች ተቀምጠዋል። አያ አራጋው ታንኳውን አጠገብሽ አቁሞ ትክ ብሎ ያይሻል።

"ይቺ አስካለ ናት?" አለኝ።

"አዎ፣ አያ።"

"መረቤን ድንጋይ ላይ በቀደድኩ ቁጥር አባቴን ሳይቀር የምትሰድበውን ሴት ነው ለካ ስሳለም የሰነበትኩት።" ታንኳውን ይበልጥ አስጠጋ። "አስካለ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ ቀጥ ብላ የተቀመጠችው? ዳኛ አስመሰልሻት እኮ።"

ከዳር ያሉትም አፋቸውን ከፈቱ። አንዷ አንገቷ ጎንበስ ያለ ነበር አለች። ሌላዋ መረቡን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ ነበር የምትሠራው አለች፤ እኔ ረስቼው ነበር። ግራ ትከሻዋ ይወርዳል፣ አይ ቀኝ ነው፣ አይ ግራ ነው ተባባሉ። አያ አራጋው ትዕግሥቱ አልቆ በገዛ እጁ ሽቦውን ያጎብጥ ጀመር። ትከሻሽን አወረደው፣ አንገትሽን ወደ ፊት ሳበው፣ አንድ እግርሽን ዘረጋው።

መጣሽ፣ እማዬ። ፊት ሳይኖርሽ መጣሽ። እኔም ያን ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ። ማንም ለምን ዘገየሽ አላለኝም። ሲበቃን አያ አራጋው አንቺ የሰደብሽውን ስድብ አንድ በአንድ ይቆጥርልን ጀመር፤ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አሁንም ሰው ይመጣል፣ ጫማውን ግን አያወልቅም። ባጃጆቹም "አስካለ፣ አስካለ" እያሉ ነው የሚጠሩት። ሽንኩርቴን እንዳይረግጡ ሱረያ መተላለፊያ አጥራልኛለች። ሕይወትም እሁድ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር፤ ልጅቷ ጠጠር ወረወረችብሽ፣ አልደረሰም። አሲያ የምትባል ሴት ደግሞ፣ አባቴን ሥሪልኝ፣ ዐረብ አገር እያለሁ ነው የሞተብኝ ብላኛለች። እንዴት ይቀመጥ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ የምጠይቀው አሁን እሱን ነው።

ደህና ሁኚልኝ፣ እማዬ። ከእንግዲህ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ የሚልሽ የለም።

ልጅሽ እናትነሽ
ከሐይቅ፣ ከውሃው ዳር