የአባባ መኪና ቤንዚን የት ይገባል?

ለምናፍቅሽ እህቴ ለብርኽቲ፣

እህት ዓለም እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽን ሲይዝሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ጸጋይስ? ልጅሽ ኢዩኤልስ አማርኛውን ካምፓላ ላይ ረሳው ወይስ አለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። በጤና አለን እላለሁ እንጂ ልቤ በቦታው የለም። በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ስምሽን ከሰሙ ስልኩን ከእጄ ስለሚነጥቁኝ ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ ለምትመጣው ለባለቤቴ ለአለም ጓደኛ ይህን ወረቀት ሰጠኋት።

የአባባን ኮሮላ መቼም ታውቂያታለሽ። ከመቀሌ ይዘዋት ከመጡ ወዲህ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በእሷ ነው። ባለፈው ወር ሲኤምሲ ላይ መሐል መንገድ ንቅንቅ ንቅንቅ አለችና ቀጥ! ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል፤ ረሆቦትና ሊባኖስ ከኋላ ወንበር ናቸው። የሚኒባስ ተሳፋሪዎች ወርደው ገፍተው ባያስጠጉን ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ትሰሚ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል ኢሳ የሚባል መካኒክ አለኝ፣ የወሎ ልጅ፣ ጨዋታ የሚያውቅ። የቤንዚን ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ፈታና አሳየኝ፤ ጭቃ ነው የሚመስለው። ቀየረልኝ፣ ፓምፑንም ፈተሸና ደህና ነው አለኝ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ቆመች። በዚያው ሰሞን አለም ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ማለት ጀመረች፤ የሊባኖስ ልብስ ሳይቀር ይሸታል። ይኸው፣ የሆነ ቦታ ታፈሳለች፣ አንድ ቀን ከነልጆቼ ትነድብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለኢሳ ስነግረው መኪናዋን አንስቶ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በእጁ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ታንኩን ቢያራግፈው ጠብ ያለው ሊትር አይሞላም። እኔ እኮ ከአንድ ቀን በፊት ግማሽ ቀን ተሰልፌ አስሞልቻለሁ! የቤንዚኑን መጠን የምታሳየው ጌጇ ከሞተች ስለቆየች ሞልቷል ብዬ ነው የምነዳት። ኢሳ ሳቀና፣ መኪናህ አልታመመችም፣ ተርባ ነው፤ ታንኩ ሲደርቅ ፓምፑ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ይስባል፤ ቤንዚንህን የሚቀዳ ሰው አለ አለኝ።

የጠረጠርኩት የግቢውን ዘበኛ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቤት ገብቼ የጠፋብንን የጎማ ቱቦ ስፈልግ የአባባን አልጋ ልብስ ገለጥ ባደርግ፣ ከአልጋው ሥር ቤንዚን የሞላ ጀሪካን በጀሪካን፣ ቱቦውም አብሮ! በስመ አብ! ሊባኖስ ከአያቱ ጋር የሚተኛው እዚያ አልጋ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናበራውም እዚያው ራስጌ።

በአባባ ላይ ጮኬ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። እሳቸው አልተቆጡም። አልጋው ላይ ቁጭ አሉና፣ የሰሞኑ የጦርነት ወሬ ያኔ መቀሌ እንደሰማነው ወሬ ነው አሉኝ። እናታችሁ ስታጣጥር መኪናዋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር፤ ሰፈሩን ሁሉ ለምኜ አንድ ጠርሙስ ቤንዚን አጣሁ፤ ከእንግዲህ ባዶ መኪና አጠገብ ቆሜ ማንንም አልቀብርም አሉ። ብርኽቲ፣ እኔም አንቺም ለእማዬ ሳንደርስላት ቀረን፤ ይህን ግን እስከዛሬ አልነገሩንም። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ቤንዚኑን ወደ መኪናዋ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አባባ ምግብ አይበሉም፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው መኪናዋን ያያሉ። አንቺን ይሰሙሻልና እባክሽ ደውይላቸው።

አለም በጣም ናፍቃሻለች፣ ሰላም ትልሻለች። ረሆቦት አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች ለአለም ጓደኛ፤ ሊባኖስም ለኢዩኤል ኳስ ይዘህ ና በሉልኝ ይላል። ጸጋይን ሰላም በይልኝ። ኢዩኤልን ጉንጩን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ወረቀቱን ማጠፍ አልሆነልኝም። ሁሉንም አልመለስኩም። የመጨረሻዋን ጀሪካን ላፈስ አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። ለአለም አልቋል ብዬ፣ ከጓሮ ቆርቆሮ ሥር ደበቅኳት። በየጠዋቱ ሄጄ አለች ወይ ብዬ አያለሁ። ዳግም ቤንዚን እንዳያከማቹ አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ በምን አፌ ልከልክላቸው?

ወንድምሽ ሐዱሽ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.