ሳያሳምም የጣለው
ላፍቶ፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ልጄ ሮበሌ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ እኔ እናትህ አለሁ።

አባትህ ግን ወድቋል። አምና ሐኪሙ «ደም ብዛት ነው፤ ጨው ይተዉ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ይዋጡ» ብሎት ነበር። ራስ ምታቱ ሲተወው «ድኛለሁ» አለና ኪኒኑን ጣለው። እኔም ደስ ብሎኝ ወጡን እንደ ድሮው ጨው አደረግሁበት።

ጤፍ ሲወቃ አውድማው ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም። ስምህን ሊጠራ ይሞክርና አንደበቱ እምቢ ሲለው ያለቅሳል። ሐኪሙን ብለምነው «ይህ በሽታ ሳያሳምም ነው የሚጥለው፤ አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ። የሚነሣ አይመስለኝም ልጄ። ያን ጨው በእጄ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።

በዘርም ይሄዳል ይላሉና፣ እባክህ ሳያምህ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ደም ብዛት ተለካ። እመብርሃን ለእኛ የነፈገችንን ጤና ለአንተ ታድልህ። የተባልከውን ጻፍልኝ፤ ለአባትህ አስነብብለታለሁ።

እናትህ ገዲሴ