ውሃ የተከለከለችው ባቄላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ምሳዬን ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ በላሁ። እዚህ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ የኔ ቦታ እሱ ሆኗል። መጥፎ አይደለም፣ ፀሐይ አለው። ብቻ ሳንድዊች እየበሉ የሚያወሩት ሰው ቢኖር... ተይው።

ከሰዓት ባዮሎጂ ነበረን። ቲቸር በቡድን በቡድን ከፋፈለን። እያንዳንዱ ቡድን የሳይንስ ብሎግ ይከፍታል፣ በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ይለጥፋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁላችንም አብሮ መሥራቱ ምን እንዳስተማረን ጽፈን እንሰጣለን። ከሁሉ የበለጠው ብሎግ በወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ይታያል።

እኔን "አዲሷ" ብሎ ከሦስት ልጆች ጋር መደበኝ። አንዱ ፕሮፌሰር ነው። መነጽሩን በጣቱ ገፋ እያደረገ ስለሚያወራ ነው እንደዚያ የሚሉት፣ እሱም ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ሁለተኛዋ ርግብ ናት፣ ድምጿን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ኮሚኩ። እሱማ ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ አስቆኛል።

ሥራውን ያከፋፈለው ፕሮፌሰር ነው። ሐሳቡን እሱ ያመነጫል፣ ርግብ ፎቶ ታነሳለች፣ ኮሚኩ አንባቢ ለሚጽፈው መልስ ይሰጣል። እኔስ ብዬ ጠየቅኩ። ታይፕ ታደርጊያለሽ አለኝ። እሺ አልኩ። በመጀመሪያ ቀን ምን ብዬ ልጣላ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ከአክስቴ ሦስት ባዶ የወተት ጣሳ ለመንኩ። ቤት ውስጥ ኬክ እየጋገረች ስለምትሸጥ ጣሳ ሞልቷታል። ታቹን በምስማር በሳሳን፣ አፈር ሞላን፣ ባቄላ ዘራን። ጥያቄያችን ቀላል ነው፤ ባቄላ ያለ ውሃ እስከ መቼ ይቆማል? ሦስቱም እስኪበቅሉ እኩል ይጠጣሉ። ከበቀሉ በኋላ አንደኛው ጣሳ በየቀኑ፣ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ውሃ ያገኛል። ሦስተኛው ጠብታ አያገኝም።

ፕሮፌሰር ቁጥር ለጠፈባቸው። ኮሚኩ ሦስተኛው ላይ ከቁጥሩ ሥር "ምስኪኗ" ብሎ ጻፈ። ፕሮፌሰር፣ ሳይንስ ውስጥ ምስኪን የሚባል ነገር የለም አለ። እንዴት የለም? እኔ አለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

በቀሉ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ከዛሬ ጀምሮ ሦስተኛዋ ውሃ ተቋረጠባት። ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ከእህቶቿ ጋር ተደርድራለች። ርግብ ፎቶ ስታነሳ ቅጠሏን ዳሰስ አደረገቻትና "አታውቅም እኮ፣ ነገም የሚመጣላት ይመስላታል" አለች። ፕሮፌሰር ባቄላ ምንም አይመስላትም ብሎ አረማት።

ትልቁ ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ምሳ ሰዓት ወደ ደረጃዬ ልሄድ ስል ኮሚኩ ከካፌው በር ላይ በእጁ ጠራኝ። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳውን አስቀምጦበታል። አነሳልኝ። ቦታ ይዞልኝ ነው። ከዚህ በፊት እዚህ ትምህርት ቤት ቦታ የያዘልኝ ሰው የለም። በጣም ደስ አለኝ፣ ለራሴ ስጽፍ እንኳ አፈርኩ። ምን ያሳፍራል? ደስ ብሎኛል በቃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

ሦስተኛዋ አልጠወለገችም። ጭራሽ ከሁለቱ በልጣ ለምልማለች! ቅጠሏ ሰፊ፣ ግንዷ ወፍራም... ዓይናችንን ማመን አቃተን።

ፕሮፌሰር ወዲያው ማብራሪያ አገኘላት። ውሃ የተከለከለ ተክል ተስፋ ሲቆርጥ ቅጠሉን ከፍቶ ከአየር መጠጣት ይለማመዳል ነው የሚለው። ሦስት ረጅም አንቀጽ አስጻፈኝ። እጄ እስኪደክም ታይፕ አደረግኩ። መሐል ላይ፣ ይሄን ከየት አነበብከው ልለው ነበር። በጣም ደስ ብሎት ስለነበር ተውኩት። "ውሃ ያልጠጣችው ባቄላ" የሚል ርዕስ ሰጥተን ለጠፍነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጉድ ፈላ። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ በድምጽ ማጉያ ስለ ባቄላችን አወሩ! ፕሮፌሰር መሬት አልረገጠም። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይጽፉልናል። አንድ አባወራ ደግሞ፣ ቤት ያሉትን አበቦች የማጠጣው እኔ ነኝና ከአየር መጠጣት እንደሚለማመዱ ለባለቤቴም አስረዱልኝ ብሎናል። ኮሚኩ ለሱ መልስ ሲጽፍ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እማዬ ከሆስፒታል ተረኝነት ስትመለስ አስነበብኳት። ነርስ ስለሆነች ዝም ብላ አትቀበልም። እስከ መጨረሻው አነበበችና ማን ነው ያለው አለችኝ።

ፕሮፌሰር ነው አልኳት።

"የየት ዩኒቨርሲቲ?"

የክፍላችን ልጅ ነው ስላት ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ጠዋት ቀደም ብዬ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። ጣቴን ሦስተኛው ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።

አፈሩ እርጥብ ነው።

ክው አልኩ። አንደኛውን ነካሁ፣ ሁለተኛውንም። የሦስተኛዋ ከሁለቱም ይብሳል። እንግዲህ ምን ይባላል? ለማን ይነገራል? ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ... ገና ወንበር ማግኘቴ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ተናገርኩ። ምሳ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ የሚያስቀይም ቃል እንዳይወጣኝ ተጠንቅቄ። አፈሩ ረጥቧል፣ ሰው ሳያጠጣት አይቀርም አልኩ። ርግብ ዳቦዋን አስቀመጠች። ፕሮፌሰር ፊቱን አጠቆረ።

"ሁሉ ነገር ጥሩ ሲሄድ ደስ አይልሽም?"

እንደዚያ አይደለም ብዬ ላስረዳው ብሞክር ትሪውን ይዞ ተነሳ። ሄደ። ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ጥያቄው ነው። ደስ ይለኛል እንጂ። ደስ ስለሚለኝ እኮ ነው ይሄን ያህል የፈራሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ምሳ ደረጃው ላይ። ማንም አላባረረኝም፣ ራሴ ነኝ የሄድኩት። ትንሽ ቆይቶ ኮሚኩ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበርሽ ላይ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተቀምጦበት አስነሳሁት፣ አሁን ከኔ ጋር ሊደባደብ ይፈልጋል አለኝ። ስለ ባቄላዋ ምንም አላነሳም። ይሄ ልጅ ደግ ነው።

ማታ አክስቴን የኬክ ሚዛኗን አውሺኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ ነገርኳት፣ ተክል ከአየር ይጠጣል የሚል ጓደኛ እንዳለኝም። አዋስኩሽ አለች። "ብትሰብሪው ግን ዱቄቴን የምመዝነው በአንቺ ጭንቅላት ነው።"

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ሚዛኑን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ፕሮፌሰር ገና አኩርፏል፣ ግን ሚዛን ሲያይ አላስቻለውም፣ ጠጋ አለ። ተጠራጠርኩ ብዬ አልተከራከርኩትም። ከአየር ትጠጣ እንደሆነ እንመዝናት፣ ያልከው እውነት ከሆነ ቁጥሩ ይመሰክርልሃል አልኩት። ይሄን ወደደው። አጠገቧ ደግሞ ደረቅ አፈር ብቻ ያለበት ሌላ ጣሳ አስቀመጥን። እሷ ብቻ ከከበደች ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱን መዝነን ጻፍን። ርግብ ፎቶ ማንሳቱን ረሳችው፣ እኔ ነኝ ያስታወስኳት። እንቅልፍ ያጣች መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

የዛሬውን ሳልጽፍ እንዳልተኛ።

ጠዋት አራታችንም ተሰብስበን መዘንን። አፈር ብቻ ያለበት ጣሳ ያው ነው። ባቄላዋ ከብዳለች፣ ያውም በደንብ። ፕሮፌሰር እጁን አጨበጨበ። አላልኳችሁም? አፈር ብቻ ያለበት ቅጠል የለውም፣ በምን ይጠጣ? አለ። እኔ አፌን ያዝኩ። ልክ ነው እኮ! የሠራሁት ሙከራ ለሱ መሰከረለት። ትንሽ ቢቆይ እኔም ላምነው ነበር።

ያኔ ነው ርግብ ማልቀስ የጀመረችው።

"እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት... አንጀቴን በላችኝ። ሁለቱ ሲጠጡ ዝም ብላ ስታይ፣ እንዴት ይቻላል?"

ከዚያ ኮሚኩ ራሱን ያዘ።

"ቆይ፣ ጠዋት የምታጠጫት አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ከትምህርት ስንወጣ ነው የማጠጣት!"

ወይ ጉድ። ሁለቱም ተደብቀው፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ! ውሃ ያልጠጣችው ባቄላ በቀን ሁለቴ ስትጠጣ ከርማለች። ከሦስቱ የጠገበችው እሷ ናት። ርግብ እያለቀሰች ሳቀች፣ ኮሚኩ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ቀና ስል ፕሮፌሰር የለም። በሩ ተከፍቶ ቀርቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ፕሮፌሰር መጣ፣ ተረጋግቶ። ጽሑፉ ከወላጆች ቀን በኋላ ይስተካከላል አለ። እስከዚያ ባለበት ይቆይ። ለቀኑ የተመረጠው የኛ ብሎግ ነው፣ አባቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሊመጣ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ለሰው ሁሉ ነግረዋል። የብሎጉን የይለፍ ቃል ደግሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሱ እጅ ነው።

አሳዘነኝ። አባቱን ጠርቶ መዋረድ ማን ይፈልጋል? ግን ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ልክ እንዳልሆነ የምናውቀውን ነገር በትልቁ ስክሪን ልናነብለት ነው? አይሆንም አልኩ። ርግብ ከኔ ጎን ቆመች፣ የኔን ስህተት እኔ እጽፈዋለሁ አለች። ኮሚኩም እኔም አለሁበት አለ። ፕሮፌሰር ሦስታችንን በየተራ አየን።

"ሦስት ለአንድ ሆናችሁብኝ፣ አይደል?"

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቡድኑ ፈረሰ ማለት ነው? እኔ ነኝ ያፈረስኩት? እማዬን ጠየቅኳት። ትኩሳት አለብህ የሚለውን ሰው በሽተኛ ሁሉ አይወደውም፣ ቆይቶ ግን የሚፈልገው እሱን ነው አለችኝ። እስኪ እናያለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ፕሮፌሰር ክፍል ውስጥ ቦታ ቀይሮ ከፊት ተቀመጠ። ጀርባውን ሳይ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ርግብ ቤት ሄድኩ። ኮሚኩም መጣ። አዲስ ሦስት ባቄላ ዘራን። የአሁኗን ሦስተኛ ከበቀለች በኋላ ማንም እንዳያጠጣት የርግብ ታላቅ እህት ቁም ሳጥኗ ላይ ትጠብቃታለች፣ ምንም የማያሳዝናት ሰው ናት ብለውኛል። አይቻታለሁ፣ እውነታቸውን ነው።

ሲስቁ ስስቅ ዋልኩ። ግን አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። ፕሮፌሰር ቢኖር "ሳይንስ ውስጥ ታላቅ እህት የሚባል ነገር የለም" ይል ነበር። ናፈቀኝ እንዴ? ናፈቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

የወላጆች ቀን ከነገ ወዲያ ነው። ዛሬ ቲቸር ስለ ቡድን ሥራው የምንጽፈውን እንድንሠራ ክፍለ ጊዜውን ለቀቀልን። ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ ገና ርዕስ ላይ ነበርኩ። ፕሮፌሰር ከፊት ተነሳ፣ ወንበሩን እየጎተተ መጣ፣ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን አልነካም።

"ከመለጠፌ በፊት እይልኝ። ደግሞ እንዳትምሪኝ።"

አነበብኩ። የድሮውን ጽሑፍ አላጠፋውም፣ እንዳለ ትቶ ሦስቱን አንቀጽ በመስመር ሰርዟቸዋል፣ ከላይ አዲስ ጽፏል። አዲሱ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ "በአንዳንድ የቡድናችን አባላት ጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት..."

አልማርኩትም። ይሄ ጥፋቱን ርግብና ኮሚኩ ላይ ጥሎ መሸሽ ነው አልኩት። እነሱ አጠጡ፣ ልክ ነው፣ ግን ሳያጣራ ከአየር ትጠጣለች ብሎ ለሰው የነገረ ሌላ ሰው ነው። እኔም ሳልጠይቅ ታይፕ አድርጌዋለሁ፣ እሱንም ጨምር። ሁለተኛው አንቀጽ በጣም ረዝሟል። ሦስተኛው አያስፈልግም። ጆሮው ቀላ። ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ።

አልተነሳም። ስልኩን ወሰደ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፣ እንደገና አጠፋ። ኮሚኩ ከኋላ አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሲል ርግብ ጎትታ አስቀመጠችው። ደወል ሊደወል ሲል ስልኩን መለሰልኝ። ሁለት መስመር ብቻ ቀርታለች።

"ሦስተኛዋ ባቄላ ከሁሉም በላይ ውሃ ጠጥታለች። እኔ ስለሷ ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ አፈሯን በጣቴ ነክቼ አላየሁም።"

ደግሜ አነበብኳት። እያየኝ ነበር፣ ፈርቶ። እንዳለች ለጥፋት አልኩት። ከዚያ አራታችንም ወደ ምሳ ሄድን።